የምንጩ አጥርና የሣሩ ቀን

ይህን አምድ የምጽፈው ከየካ ተራራ ግርጌ ነው። ቤቴ ከኮተቤ በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ ከሚጀምርበት ነው። 22 ዓመት በችግኝ ጣቢያ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የእድራችን የምንጭ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። እናንተም «እትዬ» እያላችሁ ስለ ዛፍ፣ ስለ ምንጭ፣ ስለ ድሮ ቦታዎች ትጽፉልኛላችሁ። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር የመጡ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ታገሡኝ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከሱሉልታ በኩል ባለች መንደር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን በታች ምንጭ አለ። ሰው ጸበል ይቀዳበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ዙሪያው ድሮ ጽድና ወይራ ነበር ይላሉ አባቶች። አሁን 11 ጽዶች ቀርተዋል፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። ወጣቶቹ ‹ገንዘብ አዋጥተን በሽቦ እንጠረው› አሉ። ከብት ያላቸው ተቆጡ። ቅጠል የሚለቅሙት እናቶችም ‹እኛስ?› አሉ። ስብሰባው በጭቅጭቅ ተበተነ። ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ ሽቦውን አሁን አይግዙ።

የኛን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት መጥቶ ምንጫችንን በሽቦ አጠረልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ለስላሳ ጠጣን። ጠዋትና ማታ ላሟን እዚያ የምታጠጣዋን ጎረቤቴን ግን «አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?» ያላት አልነበረም። በሳምንቱ አንዱ ጥግ ተቆረጠ። ፋሲካ ሳይደርስ ሽቦው አለቀ። ግማሹን በኋላ የዶሮ ቤት ላይ አየሁት። መጀመሪያ በጣም ተናድጄ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰዎቹ የቆረጡት ወደ ውኃቸው የሚወስደውን መንገድ የዘጋባቸውን ነገር ነው።

ሁለተኛውን ጊዜ ከእድር ጀመርን። ሦስት እሑድ ፈጀብን። በመጀመሪያው እሑድ ስለ አጥር አንድም ሰው እንዳያነሣ ተስማማን። የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዚህ ምንጭ ማን፣ ምን፣ መቼ ይወስዳል? ጸሐፊያችን በእድሩ ደብተር ላይ በየስሙ ጻፈው። «እኔ ማክሰኞና ዓርብ ልብስ አጥባለሁ።» «እኔ ሁለት ላምና አንድ አህያ አጠጣለሁ።» «እኔ ለእናቴ ጸበል እቀዳለሁ።» ጎረቤት ለጎረቤት 30 ዓመት ኖረን የማናውቀውን ያን ቀን አወቅን። እርስዎም ጸሐፊ ነዎትና ከዚያ ይጀምሩ።

ቅጠል ለቃሚዎቹ ሳይመጡ ደግሞ ስብሰባ አይክፈቱ። ይህን አደራ እላለሁ። እነዚህ እናቶች የእድሩ አባል ላይሆኑ ይችላሉ፤ መዋጮው ከብዷቸው የቀሩ ብዙ ናቸው። ግን ተራራውን ከማናችንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የቱ ዛፍ መቼ እንደተቆረጠ፣ ማን በሌሊት መጋዝ ይዞ እንደመጣ ይነግሯችኋል።

ስለ ባሕር ዛፉም ወጣቶቹ ቂም አይያዙበት። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር የማገዶ ነገር ያሰበበት አልነበረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት ተቆርጦ አለቀ። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በአፄ ምኒልክ ዘመን እነዚህን ኮረብቶች የሸፈነው ያኔ ነው። ከተማዋ እንጀራዋን የጋገረችው በሱ ነው፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ከእንጦጦና ከየካ በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ችግሩ ባሕር ዛፉ የቆመበት ቦታ ነው። ውኃ በብዛት ይጠጣል። ከምንጭ ራስ ላይ መቆም የለበትም።

ስለዚህ ከምንጩ ራስ ዙሪያ ያለውን ብቻ መጀመሪያ ቁረጡ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አትንኩ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ አፈሩን የሚይዘው የለምና ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይጠርገዋል። የተቆረጠው ጉቶ ደግሞ ዝም አይልም፣ ያቆጠቁጣል። ቡቃያውን በየጥቂት ወሩ እየመለመላችሁ ጉቶውን አድክሙት። የኛን ቅጠል ለቃሚዎች ይህን ሥራ ሰጠናቸው። ምልምሉ የእነሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካባቸውም። ከዚያ ወዲህ በምንጩ አካባቢ አንድም ጽድ በመጥረቢያ አልተነካም።

ውኃውን በሦስት ክፈሉት። ከላይ የምንጩ ራስ፦ ለጸበልና ለመጠጥ ብቻ፣ በድንጋይ ተከቦ በቧንቧ የሚወርድ። ከሱ በታች የከብት ገንዳ። ከገንዳው በታች የልብስ ማጠቢያ። ቦታው ቁልቁል ከሆነ ውኃው ራሱ ይወርዳል፤ ፓምፕ አያስፈልግም። የወረዳው የውኃ ባለሙያዎች «ምንጭ ማጎልበት» ይሉታል። ሲሚንቶና ቧንቧ ጠይቋቸው፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን በደቦ እናንተ አምጡ። ባለ ላሟ ጎረቤቴ ገንዳው የት ይሁን ሲባል ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። አሁን ገንዳው ሲቆሽሽ መጥረጊያ ይዛ የምትወርደውም እሷ ናት።

አጥሩን ሽቦ አታድርጉት። ቀጋና ኮሽም ትከሉ። እሾሃቸው ከብት ይመልሳል፣ ፍሬያቸውን ልጆች ይበላሉ፣ ነቅሎ የዶሮ ቤት የሚሠራባቸውም የለም።

አሁን ወደ ሣሩ ልምጣ። ከብት ሲወጣ ሣሩ ይነሣል። በኛ ዘንድ በአንድ ክረምት ጉልበት አለፈ። ያኔ ባለ ከብቶቹ «ሣሩ በከንቱ ሲደርቅ እኛ ድርቆሽ እንገዛለን?» አሉ። እውነት አላቸው። የመንዝ ሰዎች ይህን ከኛ በፊት ፈትተውታል። ጓሳ የሚባለውን ሰፊ የሣር ምድር ቄሮ በሚሉት የቆየ ሥርዓት በጋራ ይጠብቁት ነበር። በሕዝብ የተመረጡ አለቆች ቦታውን ይዘጉታል። ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ሲከፈት የቤት ክዳንና የገመድ ሣሩን ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የባለመብቱን ሥርዓት አፈረሰው። ሕዝቡ ግን ቆይቶ በአዲስ ኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። ዛሬም እዚያ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለ። እኔ ይህን ሳነብ ነው «የሣር ቀን» የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ።

የኛ የሣር ቀን ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ነው። ጎህ ሳይቀድ ማጭድ ሲሳል ይሰማል። ጤዛው ቁርጭምጭሚት ያረጥባል። ለአንድ ቤት ሁለት እስር ነው፤ ከብት ላለውም ለሌለውም እኩል። ከብት የሌላቸው አንድ አሮጊት ጎረቤታችን የድርሻቸውን ይሸጡና ለስኳርና ለቡና ያደርጉታል። አምና «ምንጩ ጡረታዬ ሆነ» አሉኝ። ከቀኑ በፊት ያጨደ ድርሻውን ያጣል፤ ሌላ ቅጣት የለንም። እስካሁን ያጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። በዓመቱ ሁለቱም ቀኑን ጠብቀው መጡ።

ለችግኞቹም አንድ ነገር ላክልልዎ። በመጀመሪያው ዓመት 60 ጽድና ወይራ ተክለን 23 ደረቀብን። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል፤ ጥር ላይ የሚያጠጣ የለም። ከዚያ «ለእያንዳንዱ ችግኝ ክርስትና አባት ይሰጠው» ተባለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «አደራ ብንለው ሁላችንንም ይይዛል» አሉ። አደራ ተባለ። አሁን ልጆቹ ሳይቀሩ «የኔ አደራ ጉልበቴን አለፈ» ይላሉ።

በመጨረሻ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። በከተማ ዳር መሬት ምን ያህል እንደሚፈለግ ያውቁታል። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብ ደንን አንድ የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ ያውቃል። መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከሰበካ ጉባኤው ጋር፣ ካልሆነ ከወረዳው ጋር ተነጋግራችሁ መተዳደሪያ ደንቡን በማኅተም አስደግፉ። ወሰኑን በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ ካርታ አሠሩ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው። ግን ደንቡ በማኅተም ካልተደገፈ አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ከጽዶቹ ሥርም መቀመጫ ድንጋይ አድርጉ። እኛ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ቡና እናፈላለን። አባቶች ሲያወሩ ልጆች በስልክ ይቀዷቸዋል፦ ይህ ቋጥኝ ለምን እንዲህ ተባለ፣ ያ ሜዳ የማን አውድማ ነበር። በአንድ ዓመት ብቻ የ17 ቦታ ስም ተሰብስቧል። ሦስቱን እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እትዬ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ሲመጣ ሞልና ቴሌቪዥን ብቻ ሆነብን። ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ፣ ታሪክም ተፈጥሮም ያለበት የት ልውሰዳቸው?»

እኅቴ፣ ከቤትሽ ቅርብ ያለውን አስቀድሚ። የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለማየት ላሊበላ መሄድ የግድ አይደለም። የአካባቢው ሰው ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ነው ይላል፤ አጥኚዎች ዘመኑን ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። ለልጆቹ ሁለቱንም ንገሪያቸው፣ ይከራከሩበት። ነጠላሽን ያዢ፣ በር ላይ ጫማ አውልቁ፣ ካህኑን አስፈቅዳችሁ ግቡ። ግድግዳውን በእጅ እንዳይነኩ፣ ስም እንዳይጭሩ አስጠንቅቂያቸው። የአለት ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ የላላውን ድንጋይ ጣትም ያረግፈዋል።

የመኪና ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ መልካ ቁንጥሬ ሂዱ። በቡታጅራ መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ አዋሽ ዳር። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የደች የውኃ ባለሙያ ያገኘው ቦታ ነው፤ በሐምሌ 2016 ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሙዚየሙ የጎጆ ቤቶች ነው፣ ልጅ አያስፈራም። ለልጆችሽ ግን አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው። እዚያ ከ700,000 ዓመት በፊት የተረገጠ ጭቃ ላይ የእግር ዱካ ተገኝቷል። ከዱካዎቹ ውስጥ የትንንሽ ልጆችም አለ። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲፈልጡና ሥጋ ሲቆርጡ ልጆቹ አጠገባቸው ይንቀሳቀሱ ነበር። የእኔ የልጅ ልጅ ይህን ሰምታ ጫማዋን አወለቀችና አዋሽ ዳር ጭቃው ላይ ቆመች። ዱካዋን ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ አየችው። እኔም ዝም ብዬ አየኋት።

ጊዜ ከተረፋችሁ አዳዲ ማርያም ከዚያ አትርቅም። እሷም ከአለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል።

ዛፍ ማየት ከፈለጉ መናገሻ ሱባ ደን ውሰጃቸው። ከ1426 እስከ 1460 የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ወፍ ዋሻ ከሚባለው ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ልጆቹ ስልኩን ይረሱታል። ስንቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፌስታሉን ግን ይዛችሁ ተመለሱ።

«እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። ሠፈራችን ተራራ ሥር ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚመጡ እንግዶችን ማስጎብኘት ፈለግን። አንዳንድ የሠፈር ሰው ግን ‹ልመና ነው› ይለናል። እንዴት እንጀምር?»

ልጆቼ፣ ልመና የሚመስለው እንግዳውን ከመኪናው ጀምሮ ስትከተሉት ነው። ተራ ያዙ። ዋጋውን በሰሌዳ ጻፉ። ፈቃዱን ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጠይቁ፣ በማኅበር ተደራጁ። ቤተ ክርስቲያን የምታስገቡ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ በቤተ ክርስቲያኑ ደረሰኝ ይሁን። የናንተ ኪስ ከሱ ጋር አይቀላቀል።

ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌዎቹ ጋ ሂዱና ሁለት ወር አዳምጡ። እንግዳ ስለ እንጦጦ ሲጠይቃችሁ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እዚያ በማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደነገሡ መንገር ትችላላችሁ፤ ይህን በስልኩም ያገኘዋል። እናንተ ዘንድ ብቻ የሚገኘው ግን ቅጠል ተሸካሚዎቹ የሚያርፉበት ድንጋይና ስሙ ነው። ቡናውን የሠፈር እናቶች ያፍሉ፣ ቆሎውን እነሱ ይሽጡ። ያኔ «ልመና» የሚላችሁ ሰው ይቀንሳል።

«ሰበታ አካባቢ የግንባታ ፎርማን ነኝ። መሠረት ስናስቆፍር ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያበራ ድንጋይና የሸክላ ስብርባሪ ወጣ። ባለቤቱ ‹ዝም በልና ሙላው› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ አይሙሉት።

ጥቁሩ ድንጋይ ባልጪት ይመስለኛል፣ የእሳተ ገሞራ መስታወት። በተፈጥሮም ይገኛል፤ ሁሉም የሰው ሥራ አይደለም። ጠርዙ በተከታታይ ተፈልጦ እንደ ምላጭ የሳለ ከሆነ ግን የሰው እጅ ነክቶት ሊሆን ይችላል። ሸክላ አብሮት መውጣቱ ይበልጥ ያጠራጥራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ለባለቤቱ ይህን ይንገሩት፤ ተደብቆ ቢደረስበት ጣጣው የሱም የእርስዎም ነው።

የወጣውን አያጥቡ። የቀረውን አይንቀሉ። ለባለሙያ ከድንጋዩ እኩል የሚጠቅመው የተኛበት አፈር ነው፤ ከቦታው ከተነሣ ግማሽ ታሪኩ ጠፋ። ከነቦታው ፎቶ ያንሡ፣ አጠገቡ ሜትርዎን ያስቀምጡ። ያንን ጥግ በገመድ ይለዩና ሥራውን በሌላው በኩል ያስቀጥሉ። ዛሬውኑ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ። ያሳወቁበትን ቀንና የተቀበለዎትን ሰው ስም ይጻፉ።

ሠራተኞችዎን ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሰብስበው ያሳዩዋቸው። በእጃቸው ያወጡት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባቸዋል።

«እትዬ፣ 6ኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤት የጽድ ችግኝ ሰጡን። ግቢያችን ጠባብ ነው። ልትከለው ወይስ ለሌላ ሰው ልስጠው?»

የኔ ልጅ፣ ጽድ ትልቅ ይሆናል። ከቤታችሁ ግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አትትከለው። ግቢያችሁ ካልበቃው ትምህርት ቤታችሁ ጥግ ላይ፣ ወይም አያትህ ሠፈር አስፈቅደህ ትከለው። ለሌላ ሰው ብትሰጠውም አብረኸው ሂድና ትከሉት።

ጉድጓዱ በቁመትም በጎንም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከላይ ያወጣኸውን ጥቁር አፈር ለብቻው አድርግ፤ መጀመሪያ ተመልሶ የሚገባው እሱ ነው። ከዚያ ፕላስቲኩን ቀዳደህ አውጣ። ይህን አትርሳ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ስንት ችግኝ በእጄ ነቅዬ አይቻለሁ። ሥሩ እዚያው ውስጥ ዞሮ ዞሮ እንደ ክር ተጠቅልሎ ነው የሚገኘው። አፈሩ ከሥሩ እንዳይረግፍ ግን በሁለት እጅህ ደግፈው።

ዝናቡ ሲያቆም በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጆግ ውኃ ስጠው። በመጪው ጥር እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ።